የ1928 ዓ.ም. የጨዋታ ወቅት፦ ገና፣ ትምህርት ቤትና የእግር ኳስ አጀማመር

መግቢያ

በሰሜን አሜሪካ የስፖርት ታሪክ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ ቡድን የአንድ ዓመት ውድድር ራሱን የቻለ የጥናት ርእስ ነው። ተመራማሪው ቡድኑ ስንት ጊዜ እንደ ተጋጠመና ስንቱን እንዳሸነፈ በመዘርዘር ብቻ አይወሰንም፤ በዚያ አንድ ወቅት ውስጥ የትምህርት ቤቱን፣ የከተማውንና የዘመኑን መልክ ያነባል። ይህ አጭር ጽሑፍ ያንኑ የጥናት መለኪያ ወደ አገራችን አምጥቶ ሁለት ጥያቄዎችን ያነሣል። በሃያኛው ምእት ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በኢትዮጵያ «የጨዋታ ወቅት» ማለት ምን ነበር? ወቅቱንስ የሚወስነው ማን ነበር? ለማብራሪያ የተመረጠው 1928 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በአዲስ አበባ፣ አራዳ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ቡድን ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት አገሪቱ ተወረረች።

የጽሑፉ መከራከሪያ እንደሚከተለው ነው። የጨዋታ ወቅትን የሚወስኑ ሦስት የተለያዩ የጊዜ ሥርዓቶች ነበሩ። አንደኛው የመኸርና የበዓል ሥርዓት ሲሆን ገናን ይገዛል። ሁለተኛው የትምህርት ቤት ሥርዓት ሲሆን የተማሪውን ጨዋታ ይገዛል። ሦስተኛው የመንግሥትና የፌዴሬሽን ሥርዓት ሲሆን የክለቦችን ውድድር ይገዛል። 1928 ዓ.ም. እነዚህ ሥርዓቶች የተገናኙበትና ሁሉም በአንድ ጊዜ በጦርነት የተናጉበት ዓመት ነው። የእግር ኳሳችንን ታሪክ ከምሥረታ ቀንና ከዋንጫ ብቻ ተነሥቶ የሚጽፍ ሰው ይህን መገናኛ ያልፈዋል።

ቃሉና የዘመን አቆጣጠሩ

በመጀመሪያ አንድ የአሠራር ጉዳይ መጥራት አለበት። በአውሮፓ አቆጣጠር የእግር ኳስ ወቅት በአንድ ዓመት ተጀምሮ በሚቀጥለው ስለሚያልቅ ሁለት ዓመታትን አጣምሮ መጻፍ ልማድ ሆኗል። በእኛ አቆጣጠር ግን በመስከረም ተጀምሮ በሰኔ የሚያልቅ ወቅት ሙሉ በሙሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ይውላል። ስለዚህ «የ1928 ወቅት» ስንል ምንም ማጣመሪያ አያስፈልገንም፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1935 እስከ ክረምት 1936 ያለውን ጊዜ አንድ ቁጥር ይሸፍነዋል።

ችግሩ የሚነሣው ምንጮቹ ሲቀላቀሉ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት ይሆናል። ስለዚህ ወሩ ሳይጠቀስ «እ.ኤ.አ. 1944» ተብሎ የተጻፈ ውድድር 1936 ወይም 1937 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል። በጅምላ ስምንት የሚቀንስ ተማሪ የአንድ ወቅት ስሕተት ይሠራል። በስፖርት ታሪክ ደግሞ አንድ ወቅት ማለት የጥናቱ ዋና መለኪያ ራሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ወሩ የታወቀ ሲሆን የኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀድሟል፤ ምንጩ ዓመቱን ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ግን እ.ኤ.አ. እንዳለ ተትቷል።

የመኸሩና የበዓሉ ሥርዓት

እግር ኳስ ከመምጣቱ በፊት በደጋውና በወይና ደጋው የአገራችን ክፍል ቡድንን ከቡድን የሚያጋጥም፣ ብዙ ተመልካች የሚሰበስብ ጨዋታ ገና ነበር። ገና በቆልማማ ዱላ ሩር ወይም ጥንግ የሚባለውን ክብ ኳስ በመምታት የሚደረግ ፍልሚያ ነው። ተጋጣሚዎቹ በመንደር ወይም በሰፈር ይከፈላሉ፤ ቁጥራቸው የተወሰነ አይደለም፤ የሜዳውም ልክ በአካባቢው አቀማመጥ ይወሰናል። በጨዋታው ላይ ጌታና ሎሌ እኩል እንደሚቆጠሩ፣ በዕለቱ የተወረወረ ቃልም ሆነ የደረሰ ጉዳት ለቂም እንደማይያዝ በልማድ የጸና ደንብ አለ። ይህ ደንብ ያልተጻፈ ቢሆንም ደንብ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

የገና ወቅት ለምን በታኅሣሥ እንደሚውል ለማስረዳት የልደት በዓልን መጥቀስ ብቻ አይበቃም፤ መሬቱም ምክንያት ነው። የጣናን ዳርቻ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከባሕር ዳር ወጣ ብላ የምትገኘው እንፍራንዝ ምንጭና ረግረግ የበዛባት ናት። በጣና ተፋሰስ አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል፤ የሐይቁ ውሃ በመስከረምና በጥቅምት ገደማ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይደርስና ከዚያ በኋላ እየሸሸ ይሄዳል። በመስከረም ሜዳው ጭቃ ነው፤ ማሳውም አዝመራ ይዟል። በጥቅምትና በኅዳር የሰው ኃይል በአጨዳ ላይ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ግን መሬቱ ጠንክሯል፣ እህሉ ከማሳ ተነሥቷል፣ ወጣቱም ከሥራ ፋታ አግኝቷል። የገጠሩን የጨዋታ ወቅት ሜዳ፣ ጉልበትና በዓል አንድ ላይ ሆነው ይከፍቱታል ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት የራሱ ጥንካሬና ገደብ አለው። ጥንካሬው ማንም ሳያደራጀው በየዓመቱ ራሱን መተካቱ ነው። ገደቡ ደግሞ አጭርና አካባቢያዊ መሆኑ ነው፤ የአንድ መንደር ቡድን ከሌላ አገር ቡድን ጋር የሚገናኝበት፣ ውጤቱም ተመዝግቦ ወደሚቀጥለው ዓመት የሚሸጋገርበት መንገድ የለውም። አሸናፊው የሚታወሰው በሰው አፍ ነው።

የትምህርት ቤቱ ሥርዓት

ሁለተኛው ሥርዓት ከዘመናዊ ትምህርት ጋር መጣ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ተከፈተ። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ለቋንቋና ለሒሳብ ብቻ የሚታወሱ ቢሆንም ለስፖርት ታሪክ ያበረከቱት ነገር በመዋቅራቸው ውስጥ ይገኛል። በዕድሜ ተቀራራቢ የሆኑ ወጣቶችን በአንድ ግቢ ሰበሰቡ፤ ቀኑን በደወል ከፋፈሉት፤ የሥራና የዕረፍት ሰዓት ለዩ፤ ተማሪውም ከትውልድ መንደሩ ይልቅ በትምህርት ቤቱ ስም እንዲጠራ አደረጉ። ቡድን ለማቋቋም ከዚህ የተሻለ መሠረት የለም።

በዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ እውነታ መታወስ አለበት። በሃያኛው ምእት ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በኢትዮጵያ ኮሌጅ አልነበረም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ስለዚህ በሌላ አገር የኮሌጅ ቡድን ይዞት የነበረውን ቦታ በእኛ ዘንድ የያዙት ጥቂት የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። የይድነቃቸው ተሰማ የሕይወት ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ የተወለዱ፣ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲመሠረት ገና አሥራ አራት ዓመታቸው ነበር፤ ለዚያ ቡድን በድምሩ ሃያ ሦስት ዓመት ተጫውተዋል። በኋላ የአፍሪካን እግር ኳስ የሚመራ ሰው በተማሪነት ዕድሜው ኳስ የያዘ መሆኑ የአንድ ሰው ዕጣ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ትምህርት ቤቱ ቋንቋን፣ የጽሕፈት ሥራንና የቡድን ሥነ ሥርዓትን በአንድ ግቢ ያስተምር ስለ ነበር ነው። እግር ኳስን በኋላ ያስተዳደሩት ሰዎች ደብዳቤ መጻፍና ስብሰባ መምራት የቻሉት በዚያው ግቢ ስላለፉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አስተያየት መመርመር ያሻል። እግር ኳስ በቀላሉ የተስፋፋው ገና መንገዱን ስለ ጠረገለት ነው ይባላል። አስተያየቱ ግማሽ እውነት አለው። ገና ተመልካች የመሆንን፣ ለሰፈር ቡድን የመጮኽን፣ በሜዳ የተነሣን ቁጣ በሜዳ የመተውን ልማድ አስተምሯል። ነገር ግን ለእግር ኳስ የሚያስፈልጉት የተወሰነ የተጫዋች ቁጥር፣ የተለካ ሜዳ፣ ዳኛና የተቆረጠ ሰዓት ከገና አልመጡም፤ ከትምህርት ቤትና በከተማው ይኖሩ ከነበሩ የውጭ ማኅበረሰቦች የመጡ ናቸው። ስለዚህ እግር ኳስን የገና ልጅ ከማለት ይልቅ ገና ባዘጋጀው አደባባይ ላይ የተተከለ ጨዋታ ማለቱ ለእውነታው ይቀርባል።

የ1928 ወቅት

1928 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ነበር። መስከረም 1 ቀን እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 1935 ዋለ፤ የልደት በዓልም እንደ ዘመነ ዮሐንስ ልማድ ታኅሣሥ 28 ቀን ተከበረ። የትምህርት ዓመቱ ሲጀምር የጦርነት ወሬ በከተማው ሞልቶ ነበር። መስከረም 22 ቀን የፋሺስት ኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ፤ ክተት ታወጀ። ኅዳር 26 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ የነበሩባት ደሴ ከአየር ተደበደበች።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን የተመሠረተው በዚህ መካከል ነው። የምሥረታው ወር እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1935 ሲሆን ይህም በእኛ ከኅዳር 21 እስከ ታኅሣሥ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። መሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ይባላሉ። ቦታው አራዳ፣ ስሙም ለዓድዋ ድል መታሰቢያ ከተሠራው ከአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ትርጉም ይሰጣሉ። ወሩ የገና ጨዋታ ወር ነው፤ ሰፈሩ ገበያና ትምህርት ቤት ያለበት የከተማው እምብርት ነው፤ ስሙ አርባ ዓመት ያልሞላውን ድል ያስታውሳል፤ ጠላት ደግሞ ያው የዓድዋው ጠላት ነው። ቡድኑ በዚያ ወር በዚያ ስም መጠራቱ በሰላሙ ጊዜ ከሚኖረው የተለየ ክብደት ነበረው።

የዚህን ወቅት ታሪክ እንደ ሌላው አገር ልማድ በግጥሚያ ዝርዝር መጻፍ አይቻልም፤ ምክንያቱም የሊግ መርሐ ግብር የሚያወጣ አካል በአገሩ ውስጥ ገና አልተቋቋመም ነበር። ወቅቱን የሚያሳየን የጊዜው ሂደት ነው። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ በሚቀጥሉት ቀናት ከተማው ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣልያ ጦር ገባ። ከምሥረታው እስከዚያ ቀን ያለው ጊዜ ስድስት ወር አይሞላም። ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ፤ በሰኔ ሊያልቅ የሚገባው ወቅት በሚያዝያ ተቋረጠ። የገናው ሥርዓት፣ የትምህርት ቤቱ ሥርዓትና የከተማው አደባባይ በአንድ ዓመት ውስጥ ተናጉ።

የደረሰው ጉዳት ግን በቀን መቁጠሪያ ብቻ የሚለካ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተደረገው የግድያ ሙከራ በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ የተማረው ወጣት ተለይቶ ታድኗል። ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች የተሳተፉበት የጥቁር አንበሳ ማኅበርም ከፍተኛ መሥዋዕትነት ከፍሏል። የተማሪ ቡድን ተጫዋች ሊሆን፣ ሊያሠለጥን፣ ሊዳኝ፣ ታሪኩንም ሊጽፍ ይችል የነበረው ትውልድ ይኸው ነው። የስፖርት ታሪካችን መጀመሪያ ምዕራፍ ቀጭን የሆነበትን ምክንያት ከዚህ ውጭ መፈለግ አያስፈልግም።

ከወረራው እስከ ፌዴሬሽኑ

በወረራው ዘመን ጨዋታ አልቀረም፤ የተለወጠው የሚገዛው ሥርዓት ነው። የቅኝ አገዛዙ የዘር መለያየት መመሪያ ሜዳው ላይም ተሠራበት፤ የኢትዮጵያውያን ቡድኖች ከነጮቹ ጋር እንዳይጋጠሙ ተደረገ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ስሙን እንዲተው ተገዶ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ስሙ ራሱ የዘመኑን ቅራኔ ይይዛል፤ የመጀመሪያው ክፍል የፋሺስቱ ምልክት ነው፣ ሁለተኛው የሰፈሩ ስም ነው። ገዥው መጠሪያውን ሲለውጥ ሰፈሩን ማጥፋት አልቻለም። ሰፈርን መሠረት ያደረገው የገና አደረጃጀት ለእግር ኳስ ያወረሰው ትልቁ ነገርም ይኸው ጽናት ነው ለማለት ይቻላል።

ከነጻነት በኋላ ሦስተኛው ሥርዓት ተተከለ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1943 ተቋቋመ፤ በ1944 የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተካሄደ። የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ነበሩ፦ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና የብሪታንያ የጦር ልዑክ ቡድን። ያሸነፈው የጦር ልዑኩ ነው። ይህ ዝርዝር የአዲስ አበባን የ1930ዎቹ ማኅበራዊ ካርታ ያህል ይነግረናል። ከአምስቱ አራቱ የውጭ ማኅበረሰቦችን ስም የያዙ ናቸው፤ የአገሬውን ሰው የወከለው በጦርነቱ ዋዜማ የተመሠረተው ቡድን ብቻ ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሻምፒዮናነት ማዕረግ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በይበልጥ የታወቀ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ2 አሸነፈች፤ ቡድኑን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉም ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። ይድነቃቸው ከ1972 እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1987 እ.ኤ.አ.፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል፤ የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ከዓለም አቀፍ እግር ኳስ እንድትገለል ከታገሉት ቀዳሚው ነበሩ። በልጅነቱ በዘር በተከፈለ ሜዳ የተጫወተ ሰው በሽምግልናው ያንኑ ክፍፍል በአህጉር ደረጃ መታገሉ፣ የ1928ቱ ወቅት ዘግይቶ የሰጠው ፍሬ ተደርጎ ሊነበብ ይችላል።

ንጽጽር

የውጭው ዓለም ተሞክሮ የእኛን ሂደት ለይቶ ለማየት ይረዳል። በእንግሊዝ አገር የየትምህርት ቤቱ የጨዋታ ደንብ ስለሚለያይ ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ሲገናኙ መጫወት አልቻሉም፤ የ1848ቱ የካምብሪጅ ደንብ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው፤ የእግር ኳስ ማኅበሩም እ.ኤ.አ. በ1863 ተቋቋመ። በአሜሪካ ሩትገርስና ፕሪንስተን እ.ኤ.አ. በ1869 ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሆነው ተጋጠሙ። ከዚያ የተገኘው የአሜሪካ እግር ኳስ እየከረረ ሄዶ በ1905 ወቅት ቢያንስ አሥራ ስምንት ወጣቶች ሞቱበት። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የታላላቆቹን ኮሌጆች ተወካዮች ጠርተው መከሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደንቡ ተሻሽሎ ኳስን ወደ ፊት በእጅ መወርወር ተፈቀደ፤ ኮሌጆቹን የሚያስተዳድር ማኅበርም ተቋቋመ።

በሁለቱም አገሮች ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፤ ትምህርት ቤት ጨዋታውን ይወልዳል፣ ጨዋታው ችግር ይፈጥራል፣ ችግሩ ደንብንና ተቋምን ያመጣል። በኢትዮጵያ ደንቡ ተጽፎ ደረሰ፤ ስለዚህ የእኛ ተማሪዎች ስለ ደንቡ መከራከር አላስፈለጋቸውም። ተቋሙን ያስገኘው ግፊትም የተለየ ነበር። የአሜሪካው የ1905 ወቅት ቀውስ ከጨዋታው ውስጥ የመነጨ ነው፤ የእኛው የ1928 ቀውስ ከውጭ የመጣ ነው። በዚህ የተነሣ ፌዴሬሽናችን የሜዳ ላይ ጉዳትን ለመከላከል ሳይሆን የተለያዩ ማኅበረሰቦችን በአንድ ሜዳ ለማገናኘት የተቋቋመ ሆኖ ይታያል። ለዓመታት በወረራ ሥር ተለያይተው የቆዩትን ቡድኖች በአንድ ውድድር ማሰለፉ ራሱ ፖለቲካዊ ተግባር ነበር።

ለጥናት ያለው ፋይዳ

ከዚህ ትንተና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚጠቅሙ ሦስት ነጥቦች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የጥናት መለኪያን ወቅት ማድረግ ምንጮችን ያበዛል። የምሥረታ ቀን የሚፈልግ ተመራማሪ አንድ ሰነድ ይበቃዋል፤ ወቅት የሚያጠና ግን የትምህርት ቤት መዝገብን፣ የበዓላት አቆጣጠርን፣ የዝናብና የመኸር መረጃን፣ እንዲሁም እንደ ብርሃንና ሰላም ያሉ ከወረራው በፊት የነበሩ ጋዜጦችንና ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣውን አዲስ ዘመንን አንድ ላይ ማንበብ ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ በማንኛውም መረጃ ላይ የአቆጣጠሩ ዓይነትና ወሩ አብረው መመዝገብ አለባቸው። ይህ ትንሽ ጥንቃቄ ሁለት ተመራማሪዎች ስለ አንድ ግጥሚያ እየጻፉ ስለ ሁለት የተለያዩ ዓመታት እንዳይከራከሩ ይከላከላል።

ሦስተኛ፣ የአዲስ አበባው ታሪክ ለጣና ዳር ጥናት ጥያቄ ያቀብላል እንጂ መልስ አይተካም። በባሕር ዳር የፖሊቴክኒክ ተቋሙ በ1955 ዓ.ም.፣ የመምህራን ትምህርት አካዳሚው በ1965 ዓ.ም. ሲከፈቱ የኮሌጅ ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ በሐይቁ ዳርቻ ተሰበሰበ፤ ሁለቱ ተቋማት በኋላ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን አስገኙ። የኮሌጁ ወቅት በመስከረም፣ በጭቃው ጊዜ ይከፈታል፤ እንደ እንፍራንዝ ባሉ አጎራባች ቀበሌዎች ግን የጨዋታው ወቅት ማሳው ሲለቀቅ ይጀምራል። እነዚህ ሁለት የጊዜ ሥርዓቶች በአንድ አካባቢ ጎን ለጎን መኖራቸው ለመስክ ጥናት የተመቸ ነው። የገናን ጨዋታ የሚያውቁ አረጋውያንና የመጀመሪያዎቹ የኮሌጅ ቡድኖች ተጫዋቾች ትዝታ በጊዜው ተቀርጾ ከተቀመጠ፣ የ1928ቱ ትውልድ ሳይጽፈው የቀረው ዓይነት ምዕራፍ ለሁለተኛ ጊዜ አይጠፋም።